ቤዙ ሲናገር ለምን ወሬ እንጀምራለን?

ታክሲ ውስጥ «ሹፌር፣ በእናትህ ቤዙን ቀንሰው» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ለብዙዎቻችን ቤዝ ማለት ይኸው ነው። ከኋላ ወንበር ሥር የተደበቀ ሳጥን፣ የሚንቀጠቀጥ መስታወት፣ ደረት ላይ ዱም ዱም የሚል ነገር። ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ይናገራል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

ጃዝ ውስጥ ግን ቤዝ ባለቤት አለው። ከራሱ ቁመት የማያንስ እንጨት አቅፎ ከሌሎቹ ጀርባ የሚቆም ሰው። ሌላውን ሲያጅብ ያመሻል። ከዚያ ዘፈኑ መሀል ላይ ሳክስፎኑ ከአፍ ይወርዳል፣ ፒያኖው ይሳሳል፣ ድራመሩ እጁን ያቀላል። ተራው የእሱ ነው። ያኔ ምን ይሆናል? ሰው ወሬ ይጀምራል። አስተናጋጅ ይጠራል፣ ሂሳብ ይጠየቃል፣ ወንበር ይጎተታል። ቤዝ ተጫዋቾች ራሳቸው በዚህ ነገር ያልቀለዱት ቀልድ የለም።

እኔም ለዓመታት ከወሬኞቹ ወገን ነበርኩ። የቤዝ ሶሎ፣ ቤዙ ጎልቶ ብቻውን የሚናገርበት ያ ተራ፣ ሲመጣ «እስቲ ውሃ ላምጣ» ብዬ የምነሳ ሰው። አሁን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ጆሮዬ ድንገት ስለሠለጠነ እንዳይመስላችሁ። መሣሪያው ከምን ጋር እየታገለ እንደሆነ ስለገባኝ ነው። እሱን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ደብል ቤዝ፣ ኮንትራባስ የሚሉትም አሉ፣ ከቫዮሊን ወገን ትልቁ ነው። ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አራት ክር አለው። ከወፍራሙ ስንጀምር ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። ቤዝ ጊታር የነካ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል፤ ቤዝ ጊታር የተቃኘው ይህንኑ መሣሪያ ተከትሎ ነውና። ልዩነቱ እዚህ አንገቱ ልሙጥ ነው፣ ጊታር አንገት ላይ ለጣት ቦታ የሚያሳዩት ብረቶች፣ ፍሬት የሚሏቸው፣ የሉም። ጣት ትክክለኛውን ቦታ የሚያገኘው በጆሮና በልምድ ብቻ ነው።

ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲሳብ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህ ድምፅ አየር ላይ ሲሄድ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። አንድ ሰፊ ሳሎን ከዳር እስከ ዳር ማለት ነው። ያን የሚያህል ሞገድ በደንብ ለመግፋት የመሣሪያው ሆድ ትንሽ ነው። አዎ፣ ያ ሁሉ ግዙፍ እንጨት ለሥራው ያንሳል! ሆዱ ውስጥ ያለው አየር በደንብ የሚያጅበው 60 ሄርትዝ አካባቢ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። ከዚያ በታች ክሩ ብቻውን ይለፋል።

የእኛም ጆሮ አያግዘውም። የሰው ጆሮ የተመቸው ለሕፃን ለቅሶና ለንግግር ነው። የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 1000 ሄርትዝ ላይ ያለ ድምፅ ዜሮ ዴሲቤል አካባቢ ሆኖ እንኳ ይሰማናል። 40 ሄርትዝ ላይ ግን ገና «አለ» ለማለት 50 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል። 50 ዴሲቤል ቀስ ተብሎ የሚወራ ወሬ ያህል ነው። እንግዲህ ቤዙ ሌላው መሣሪያ ወሬ የሚያህል ድምፅ አውጥቶ በሚጨርስበት ቦታ ላይ ነው ገና የሚጀምረው።

እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። የቤዝ ሶሎ ያለበት ማንኛውንም የጃዝ ቅጂ መጀመሪያ በስልካችሁ ድምፅ ማውጫ ስሙት። ከዚያ ደህና ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ አድርጉና ያንኑ ቦታ ድገሙት። እኔ ስሞክረው ሁለተኛው ላይ ሌላ ሰው የገባ መሰለኝ። የስልክ ድምፅ ማውጫ ያን ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም። የምንሰማው ከላይ የተንሳፈፉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው፤ የጎደለውን አእምሯችን ከእነሱ ተነስቶ ይሞላዋል። ስለዚህ «የቤዝ ሶሎ አይገባኝም» የሚል ሰው ካለ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «በምንድነው የምትሰማው?» ነው።

ጣቶቹስ? ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ነው። የክሩ ርዝመት 105 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከባዶው ክር ወደ ቀጣዩ ግማሽ ድምፅ ለመሄድ ጣት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። ቫዮሊን ላይ ያው እርምጃ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በቫዮሊን አራት ጣት ሳይነሳ የሚያልቀው ዜማ ቤዝ ላይ እጅን ሙሉ ወደ ታች ወደ ላይ ማመላለስ ይጠይቃል። በተለመደው አያያዝ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ተጋግዘው እንደ አንድ ይጫናሉ፤ ለየብቻ አቅም ስለማይበቃቸው። ወደ ላይ፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲወጣ ደግሞ አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ ወጥቶ ክሩ ላይ ይተኛል። ጣቶቹ ጎን ለጎን ሲሠሩ ላየ ሰው ሸረሪት ይመስላሉ።

ፍጥነትም ዋጋ አለው። በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገብ ክር አንዱን ዙር ለመጨረስ 24 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ፈጣን ኖታ ደግሞ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። አራት ዙር ብቻ ተርገብግቦ አለቀ። ጆሮ «ይህ ምን ቃና ነው?» ብሎ ሳይለየው ሌላው ይመጣል። ቤዝ ተጫዋች ሶሎ ሲጀምር ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ቶሎ የሚወጣው ለታይታ አይደለም፤ እታች ቢቀር ቃላቱ ይዋጣሉ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ይዞ ዕለት ተዕለት የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። ዋልኪንግ ይሉታል፣ መራመድ። በየባሩ፣ ዘፈኑ በተከፋፈለበት በየአራት ምቱ፣ አራት እኩል እርምጃ፣ ሳይደናቀፍ፣ ኮርዱን፣ አብረው የሚሰሙትን የድምፆች ስብስብ፣ እየጠቆመ። ይህን አረማመድ ካጠሩት ሰዎች አንዱ የካንሳስ ሲቲው ዋልተር ፔጅ ነው፤ በ1930ዎቹ በካውንት ቤዚ ባንድ ውስጥ። ጥሩ ዋልኪንግ እንደ ፍሪጅ ድምፅ ነው። ሲሠራ ልብ አትሉትም፣ መብራት ሲሄድ ነው ቤቱ ውስጥ እንደነበረ የምታውቁት።

የወሬው ዋና ምክንያትም እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። ሳክስፎን ሶሎ ሲጫወት ከሥሩ ቤዝ አለ። ፒያኖ ሶሎ ሲጫወትም ቤዝ አለ። ቤዝ ሶሎ ሲጫወት ግን ከሥሩ ቤዝ የለም። ወለሉ ራሱ ተነስቶ መናገር ጀመረ ማለት ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምቱን የሚቆጥርልን ሰው ነበር። አሁን እኛ ራሳችን መቁጠር አለብን። አድማጩ ይህን ሳያውቀው ድንገት ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ባዶ ቦታ ደግሞ በወሬ ይሞላል።

በጃዝ የመጀመሪያ ዓመታት ችግሩ ከዚህም የባሰ ነበር። ማጉያ የለም። ቅጂ የሚሠራው በቀንድ መሳይ ጡሩምባ ፊት ተሰልፎ ነው። በ1925 በኤሌክትሪክ ማይክ መቅዳት እስኪጀመር ድረስ ደብል ቤዝ ሸክላ ላይ እምብዛም አይያዝም ነበር። ብዙ ባንዶች በእሱ ፋንታ ቱባ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ይዘው ይገቡ ነበር። ቤዝ የያዙት ደግሞ ክሩን ጎትተው ይለቁትና አንገቱን ጧ ብሎ እንዲመታ ያደርጉታል። ስላፕ የሚባለው አጨዋወት ይህ ነው። ይደምቃል፣ ያስጨፍራል። ዜማ ግን አይደለም።

ከዚያ ጂሚ ብላንተን መጣ።

ብላንተን በ1918 ቻታኑጋ፣ ቴነሲ ነው የተወለደው። በ1939 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሲጫወት ፒያኒስቱና የባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ሰማውና ባንዱ ውስጥ አስገባው። አዎ፣ ያው በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን የተቀበለው ኤሊንግተን። የሚገርመው ባንዱ ቤዝ ተጫዋች ነበረው። ሰውየውን አላባረረውም፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለት ቤዝ ጎን ለጎን ቆሙ። የቀድሞው ብዙም ሳይቆይ ራሱ ለቆ ሄደ። ከእንዲህ ዓይነት ልጅ አጠገብ በየማታው መቆም ቀላል እንዳልነበር መገመት አያቅትም።

ብላንተን ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ቤዝን እንደ ሳክስፎን አሰበው። አራት እኩል እርምጃ መራመዱን አልተወም፤ ሶሎ ሲደርሰው ግን ዓረፍተ ነገር ይጀምራል፣ ይሰብረዋል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ይጨርሳል። ኤሊንግተን የያዘው ምን እንደሆነ ገብቶታል። ሁለቱ ብቻቸውን፣ ፒያኖና ቤዝ፣ ስቱዲዮ ገብተው ቀዱ። በዚያን ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነው። በመጋቢት 1940 በተቀዳው «ጃክ ዘ ቤር» ላይ ደግሞ ሙሉው ባንድ ቁጭ ብሎ ቤዙን ያጅባል። ዛሬም ስሰማው የሚገርመኝ ድፍረቱ ነው። ያ ሁሉ ትራምፔትና ትሮምቦን ለአንድ ልጅ ጣት መንገድ ሲለቅ።

ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው ከኤሊንግተን ጋር የቆየው። ሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በሐምሌ 1942 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተ፤ 23 ዓመቱ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ቤዝ ተጫዋቾች ኦስካር ፔቲፎርድም ሆኑ ሬይ ብራውን የጀመሩት እሱ ካቆመበት ነው።

ሌላም መንገድ ነበር። ስላም ስቱዋርት ደጋን ይዞ፣ እንደ ማሲንቆ እየሳበ፣ የሚጫወተውን ዜማ በራሱ አፍ ከላይ በኦክታቭ፣ ያንኑ ቃና በቀጭኑ፣ ያንጎራጉር ነበር። ወፍራሙም ቀጭኑም ከአንድ ሰው ይወጣል። ያስቃል፣ ግን ሞኝ ዘዴ እንዳይመስላችሁ። ቅድም ያልኩትን የጆሮ ችግር በአፉ ፈታው።

ቤዝ መሪ ሲሆን መስማት የሚፈልግ ሰው የትራምፔት ተጫዋቹን የማይልስ ዴቪስን «ሶ ዋት» ይክፈት። መጋቢት 2 ቀን 1959 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው የተቀዳው። ዋናውን ዜማ የሚያወጣው ቤዝ ነው፣ ፖል ቻምበርስ። እሱ አንድ ሐረግ ይጥላል፣ ሌሎቹ በሁለት ኮርድ ይመልሱለታል። እንደገና ይጥላል፣ ይመልሳሉ። ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ አውጪና ተቀባይ ነው። ልዩነቱ አውጪው ከሁሉም ወፍራም ድምፅ ያለው መሆኑ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ቻርልስ ሚንገስ ደግሞ በ1957ቱ «ሄይሺያን ፋይት ሶንግ» መግቢያ ላይ ማንንም አይጠብቅም። ብቻውን ይገባል፣ ክሩን ሊበጥሰው የፈለገ እስኪመስል ይጎትታል፣ ባንዱ ሲደርስበት ነገሩ ግሏል።

ስለ ክሩ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እስከ 1950ዎቹ ድረስ አብዛኛው ቤዝ ተጫዋች የሚጠቀመው የአንጀት ጅማት ነበር። በገና የሚደረደርበት ዓይነት። የአንጀት ጅማት ሲሳብ ዱም ይልና ቶሎ ይሞታል። ሞቅ ያለ ነው፣ እንጨት እንጨት ይላል፣ ግን አይቆይም። ከዚያ የብረት ክር እየተለመደ መጣ። ብረት ሲሳብ ድምፁ ይንሳፈፋል፤ ዜማ ለመዘመር ጊዜ ይሰጣል። ክሩን ወደ አንገቱ ዝቅ ማድረግም ተቻለ፤ ጣት ብዙ ሳይጫን ይሮጣል።

ማጉያው ከዚህ ጋር ተያይዞ መጣ። አምፔግ የሚባለውን የማጉያ ስም ታውቁት ይሆናል። ኤቨረት ሃል የተባለ ቤዝ ተጫዋች ማይክ ቤዙ መሬት የሚቆምበት እግር ውስጥ ከተተ። ያ እግር በእንግሊዝኛ ፔግ ነው፤ አምፕ የገባበት ፔግ፣ አምፔግ። ስሙ ከዚያ ቀረ።

ታዲያ ማጉያ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተሻሻለ? እኔ አይመስለኝም። በ1970ዎቹ የተቀዱ ብዙ የቤዝ ሶሎዎች ፍጥነታቸው ያስደንቃል፣ ድምፃቸው ግን እንጨቱን አጥቶ በአፍንጫ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ዴንማርካዊው ኒልስ ሄኒንግ ኧርስትድ ፔደርሰን በቀኝ እጁ ከሁለት በላይ ጣት እያፈራረቀ እንደ ጊታር ይሮጥ ነበር። ጉድ ነው። ከጉዱ በኋላ ምን ትዝ እንደሚለኝ ስጠይቅ ግን ወደ አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ወደ ቻርሊ ሄደን እመለሳለሁ።

ሄደን ልጅ ሆኖ ዘፋኝ ነበር። ቤተሰቡ በሬዲዮ የገጠር ዘፈን የሚዘፍን ቤተሰብ ነው፤ እሱም ገና አፉን ሳይፈታ በሚባልበት ዕድሜ አብሯቸው ጀመረ። በ15 ዓመቱ ፖሊዮ ጉሮሮውን ያዘው። ዘፈኑ በዚያው ቀረ። ከዚያ ቤዝ አነሳ። በ1959 ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከኦርኔት ኮልማን ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲቀዳ ባንዱ ፒያኖ አልነበረውም፤ ኮርድ እየጠራ «በዚህ ሂድ» የሚለው ሰው የለም። ሄደን የፈለገው ቦታ መሄድ ይችላል። የሄደውም ወደ ዘፈን ነው። ጥቂት ኖታ፣ ረጅም፣ ከታች። የእሱን ሶሎ ሰምታችሁ ስትጨርሱ ልታንጎራጉሩት ትችላላችሁ። ከብዙ ፈጣን ሶሎዎች ጋር ይህ አይሳካም።

ቤዝ ያለ ማንም፣ ብቻውን፣ አንድ ሙሉ ሸክላ? እሱም ሆኗል። በ1968 አሜሪካዊው ባሪ ፊሊፕስ ለንደን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ብቻውን እየፈጠረ ቀዳ። የቀዳው ለሌላ ሥራ ነበር፤ አንድ አቀናባሪ ድምፁን ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጥሬ ዕቃ ሊያደርገው ፈልጎ። ቅጂው ሲሰማ ግን ምንም መጨመር አላስፈለገውም፤ እንዳለ ሸክላ ሆኖ ወጣ። ዴቭ ሆላንድም በ1977 «ኤመራልድ ቲርስ»ን በዚሁ መንገድ ሠራ። በዐቢይ ጾም በገና ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ ሐሳብ ከብዙ ጃዝ ወዳድ ይልቅ የሚቀርበው ይመስለኛል። አንድ ሰው፣ አንድ ወፍራም የጅማት ድምፅ፣ ሌላ አጃቢ የሌለበት ክፍል። ማንም በበገና መሀል «ድራሙ የት ሄደ?» አይልም።

እንዴት ይሰማ? ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ሶሎው ከመምጣቱ በፊት የዘፈኑን ዜማ ያዙት፤ ቤዙ ሲጀምር በሆዳችሁ አንጎራጉሩት። ብዙ የጃዝ ዘፈን 32 ባር ነው፣ ቤዙም በዚያው መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። ዜማውን ከያዛችሁ የት እንደደረሰ አትጠፉም። ከዚያ ድራመሩን እዩት። አብዛኛውን ጊዜ በግራ እግሩ ሃይ ሃቱን፣ በፔዳል የሚጋጩትን ሁለት የብረት ሳህኖች፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ጭ፣ ጭ እያደረገ ይቆያል። የጠፋው ወለል እሱ ነው፤ እግራችሁን እዚያ ላይ አሳርፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንፋሹን ጠብቁ። ጥሩ ቤዝ ተጫዋች መሀል ላይ ዝም ይላል። ያ ዝምታ የሶሎው አካል ነው፣ እና አጠገባችሁ ያለው ሰው «ጨረሰ እንዴ?» ብሎ ማውራት የሚጀምረው እዚያች ላይ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መስማት ለሚፈልግ የምመርጥለት ቀን አለኝ። ሰኔ 25፣ 1961፣ እሑድ። ኒው ዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል የምድር ቤት ክለብ። ፒያኖ ላይ ቢል ኤቫንስ፣ ድራም ላይ ፖል ሞሺያን፣ ቤዝ ላይ የ25 ዓመቱ ስኮት ላፋሮ። ቀንና ማታ አምስት ዙር ተጫወቱ፣ ሁሉም ተቀዳ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ፣ የላፋሮ የራሱ ድርሰት በሆነው «ግሎሪያስ ስቴፕ» መሀል፣ መብራት ተቋረጠና ቅጂው ለአፍታ ተቆረጠ። ለካ ኒው ዮርክም ያደርገዋል።

ላፋሮ እዚያ አይራመድም። አራት እኩል እርምጃውን ትቶታል። ኤቫንስ አንድ ነገር ሲል እሱ ይመልሳል፣ አንዳንዴም አላስጨርሰውም ብሎ ይገባል። ማን እያጀበ ማን እየመራ እንደሆነ ይጠፋችኋል። እጁ ላይ የነበረው ቤዝ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አሮጌ ቤዝ ነው፤ ክሩን ዝቅ አድርጎ ከላይ፣ አንገቱ መጨረሻ አካባቢ፣ ይሮጥበታል።

ማዳመጫ አድርጋችሁ ስትሰሙት ሌላ ነገርም ይሰማል። ብርጭቆ ይጋጫል። አንድ ሰው ይስቃል። ሶሎው መሀል ላይ ጠረጴዛ አካባቢ የሞቀ ወሬ አለ። ከ11 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 6፣ ላፋሮ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። የዚያ ማታ ቅጂ መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን «ጄድ ቪዥንስ» ነው፣ እሱም የእሱ ድርሰት። በጣም ቀርፋፋ ነው። ቤዙ ሁለት ክር አንድ ላይ እየያዘ ከታች ያስተጋባል፣ ሁለት ጊዜ ተጫውተውታል፣ ሁለተኛው ሲያልቅ ጥቂት ሰው ያጨበጭባል።